ሁለት ብልቃጥ

አራት ቁጥር ዛሬም የግራውን መጫኛ ተጫነች።

ሚጡ ሰንጠረዡ ላይ አሥራ ሦስተኛውን ጭረት አደረገችና የእርሳሷን ጫፍ ነከሰች። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ነጭ አይጥ ወደ ሳጥኑ ጥግ ሄዳ፣ ጀርባዋ ላይ በተያያዘው ቀጭን ቱቦ የሚመጣላትን መድኃኒት እየጠበቀች ኩርምት አለች። በቀኝ በኩል ሌላ መጫኛ አለ። እሱን ብትጫነው ትንሽ በር ይከፈትና ጓደኛዋ ትገባላታለች። ሌሎቹ አይጦች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት በሩን ነው። ይሽታተታሉ፣ ይላፋሉ፣ ሲደክማቸው አንዷ አንዷ ላይ ተደርባ ትተኛለች። አራት ቁጥር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ግራ፣ ግራ፣ ግራ።

«ዛሬም?» አሉ ዶክተሯ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው።

«ዛሬም! ጓደኛዋ እኮ በሩ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ነው የምትጠብቃት። ምን ዓይነት ድርቅና ነው?»

«ድርቅና አይደለም።» ዶክተሯ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «አንጎል ውስጥ መውደድና መፈለግ ለየቅል ናቸው። መጀመሪያ ላይ አብረው ነው የሚሄዱት፤ የወደድሽውን ነገር ትፈልጊያለሽ። መድኃኒቱ ሲደጋገም ግን መውደዱ እየደበዘዘ ይሄድና መፈለጉ ብቻውን ይቀራል። እንዲያውም ይብስበታል።»

«ሳትወደው ነው የምትጫነው ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል። ብንጠይቃት አትነግረንም።»

ሚጡ እርሳሷን አስቀመጠች። «ሰውስ?»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ። «አይጥ አይጥ ናት፣ ሰውም ሰው ነው። ከዚህ ሳጥን ተነስተሽ ሰው ላይ እንዳትፈርጂ። እኔ ሃያ ዓመት ሠርቼም አልደፍርም።»

ሚጡ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቤትም ሰፈርም ሚጡ ናት፤ በሙሉ ስሟ የሚጠሯት አስተማሪዎቿ ብቻ ናቸው። እናቷ በዚህ ቤተ ሙከራ የእንስሳት ተንከባካቢ ናት። ሳጥኖቹን ታጥባለች፣ ሰጋቱራቸውን ትቀይራለች፣ አይጦቹን ትመዝናለች፤ የታመመች ካለች ከዶክተሯ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚህ መጥታ ትጠብቃታለች። የባዮሎጂ አስተማሪያቸው የምርምር ሥራ ሲያዟቸው ዶክተሯ «ከፈለግሽ የአንዷን አይጥ ምርጫ መዝግቢ» ብለው ሰንጠረዡን ሰጧት።

ስለ ሰው የጠየቀችው ዝም ብላ አልነበረም። ግን እናቷ ስለዚያ ጉዳይ በሥራ ቦታዋ ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ሚጡም አፏን ዘጋች።

ጉዳዩ ወንድሟ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «በረኛው» ይለዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ኳስ ለማዳን ሲወረወር ትከሻው ከግቡ ብረት ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ለሕመሙ ክኒን ተሰጠው። ትከሻው ዳነ፤ ክኒኑን መውሰድ ግን አልተወም። የቡድኑ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት አልጋውን ከበው ሲሳሳቁ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ መጡ፤ ከዚያ በኋላ ማንም። ቀስ በቀስ ከቤት ዕቃ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ሬዲዮው፣ ቀጥሎ የአባታቸው ሰዓት። አባታቸው ሚጡ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ስለሞተ ያቺ ሰዓት ብቻ ነበረች የቀረችላቸው። በመጨረሻ ወንድሟ ራሱ ወደ ሕክምና ማዕከል ገባ። አሁን ከወጣ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ምግብ ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል። እናቷ ሲበላ ስታየው የራሷን ምግብ ትረሳለች።

ያን ዕለት ዶክተሯ ወደ ስብሰባ እንደሄዱ የቤተ ሙከራው በር ተንኳኳ።

«የቤት ቁልፍ ረስቼ» አለ ወንድሟ ግማሽ ሰውነቱን አስገብቶ።

እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው። እናቷ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ፊቷ በራ። «ና ግባ፣ ግባ! አንድ ቀን እንኳ የምሠራበትን አይተህ አታውቅም እኮ። እዚህ ናቸው ልጆቼ።» ወደ ሳጥኖቹ እየጠቆመች ሳቀች።

«እኔ ስንተኛው ነኝ?» አለ እሱም እየሳቀ።

አራት ቁጥር ፊት ሲደርስ ሳቁ ቆመ። አይጧ ግራውን ስትጫን፣ ጥግ ሄዳ ኩርምት ስትል፣ ተመልሳ ስትጫን ብዙ ቆሞ አየ።

«ምንድን ነው የሚገባላት?» አለ።

እናቷ ነገረችው። ለከባድ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት እንደሆነ፣ ዶክተሯ በጠብታ ለክተው በብዙ ውሃ እንደሚያቀጥኑት፣ እንዳለ ቢወሰድ ትልቅ ሰው እንደሚገድል። ሥራዋን ስታስረዳ ሁሌም እንደዚህ ነው፤ ምንም አታስቀርም። የነገውን መድኃኒት ለዶክተሯ ልታወጣ ስትል ስለነበር በመድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ያለው የቁምሳጥኑ ቁልፍ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ሚጡዬ፣ የታጠቡትን ጠርሙሶች አምጪልኝ» አለቻትና ራሷ የሚዛኑን ክፍል ልትዘጋ ሄደች።

ሚጡ ጠርሙሶቹን በሳህን ደርድራ ስትመለስ ወንድሟን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ከመድኃኒት ክፍሉ እየወጣ ነበር። ቀኝ እጁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። ሲያያት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጠቀሳት፤ ልጅ ሆነው ድብብቆሽ ሲጫወቱ እንደሚያደርገው። ከዚያ ሄደ።

ሚጡ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። አንዱም አልወደቀባትም። ስላየችው ለእናቷ አልነገረቻትም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተሯ ቁምሳጥኑን ከፍተው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«ሁለት ብልቃጥ ጎድሏል።»

እናቷ የያዘችውን መጥረጊያ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «እኔ ነኝ ዶክተር። ትናንት ከእጄ አምልጠው ተሰበሩብኝ። ልነግርዎት ስል ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ስብርባሪውስ?»

«ጠርጌ ጣልኩት።»

ዶክተሯ ቀና ብለው አዩዋት። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህች ሴት የአንዲት አይጥ ክብደት እንኳ አሳስታ ጽፋ አታውቅም። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሪፖርት ጻፊና ነገ ጠዋት ስጪኝ።»

አውቶቡስ ውስጥ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ያየሽው ነገር የለም» አለች እናቷ በመስኮቱ እያየች።

ሚጡ ደነገጠች። እናቷም ታውቃለች ማለት ነው።

«እማዬ፣ ራስሽ እኮ ነሽ ይገድላል ያልሽው…»

«ስድስት ሳምንት ቆየ እኮ! ስድስት ሳምንት! አሁን ቢያዝ እስር ቤት ነው የሚገባው። እዚያ ገብቶ የሚድን ይመስልሻል?» ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴትዮ ዞር ብላ ነበር። «ዛሬ አናግረዋለሁ። እሰበስበዋለሁ። ልጄን አውቀዋለሁ።»

ቤት ሲደርሱ ግን ያናገረችው ሚጡ ናት፤ እናቷ ወጥ ቤት ገብታ ያልቆሸሸ ድስት ታጥብ ጀመር።

ወንድሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ስጠኝ» አለች።

«ምኑን?»

«አትቀልድ! እማዬ ሰበርኩ ብላ ዋሽታለች። ለአንተ ብላ።»

ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አልከፈትኩትም» አለ። «እውነቴን ነው ሚጡ፤ ፍራሽ ስር አስቀምጬ ከትናንት ጀምሮ እላዩ ላይ ተቀምጫለሁ። እንደ ዶሮ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ዓይኑን ስታይ ተዋጠ።

«ታዲያ ለምን ወሰድከው?»

«እኔ እንጃ። ደስ እንዲለኝ መሰለሽ እንዴ? ደስ ማለቱ ከቀረ ዓመት አልፎታል። ጥርስሽን ሲያምሽ ምላስሽ ዝም ብሎ እዚያ ይሄድ የለ? እንደሚያምሽ እያወቅሽ? እንደዚያ ነው። ሌላውን ሁሉ እያሰብኩ እውልና፣ እግሬ ብቻውን እዚያ ይወስደኛል።»

«ዶክተሯ የነገሩኝም እኮ ይህንኑ ነው። መውደዱ ይቀርና መፈለጉ ብቻውን…»

«እኔ አይጥ አይደለሁም!» ጮኸ። ወጥ ቤት ውስጥ የሚፈሰው ውሃ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንደገና መፍሰስ ጀመረ።

ወንድሟ ፍራሹን አነሳና አንድ ትንሽ ብልቃጥ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ሞቅ ያለ ነበር።

«ሁለተኛውስ?»

«ሽንት ቤት ደፋሁት። ትናንት፣ እንደመጣሁ።»

«አሁን አልከፈትኩትም አላልክም?»

«ይህንን ነው ያልኩሽ። ሚጡ፣ እመኚኝ። ሐሙስ ማዕከሉ ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ። በእናቴ ይዤሻለሁ፣ እስከ ሐሙስ ለማንም አትናገሪ።»

ማመን ፈለገች። ማመን ከምንም በላይ ቀላል ነበር፤ ወደ ክፍሏ ሄዶ መጽሐፍ ገልጦ ለነገው ፈተና ማጥናት ብቻ። ብልቃጡን በካልሲ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጠዋት ስትወጣ ወንድሟ በሩ ላይ አቀፋት። «ፈተናውን አፈር ድሜ አብዪው» አለ። እየሳቀ ነበር። ግን የዓይኑ ጥቁር እንደ መርፌ ጫፍ አንሶ ነበር። ሚጡ ያንን ዓይን ታውቀዋለች። ሬዲዮው የጠፋ ዕለት ያየችው ዓይን ነው።

«ምን ሆነሃል?» አለች።

«እንቅልፍ። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

ሄደች። በኋላ፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ሁሌ የምትመለስባት ቦታ ይህች ናት፤ ደረጃውን መውረዷ። አሥራ ሁለት ደረጃ ነው። በማንኛውም ደረጃ ላይ መመለስ ትችል ነበር።

የሒሳብ ፈተና ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ሠራች። አራተኛውን አምስት ጊዜ አነበበችው፤ ቃላቱ አንድ ላይ አልያያዝ አሉ። የዓይኑ ጥቁር ብቻ ይታያታል። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸመቻትና «ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለቻት በሹክሹክታ። ሚጡ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ ፈታኙ። «ከወጣሽ መመለስ የለም።»

«ይቅርታ መምህር» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ትታ ወጣች።

ቤት ሮጣ ብትሄድስ? ብታገኘው ምን ታደርግለታለች? መድኃኒቱን በደንብ የሚያውቁት ዶክተሯ ብቻ ናቸው። ወደ ቤተ ሙከራው ሮጠች።

ዶክተሯ ጠረጴዛቸው ላይ የእናቷን ሪፖርት እያነበቡ ነበር። እናቷ ከፊታቸው ቆማለች። ሚጡ እያለከለከች ገባችና ካልሲውን ፈትታ ብልቃጡን ሪፖርቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ሚጡ!» አለች እናቷ። ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር።

«አንዱ ይኸው» አለች ሚጡ። «ሌላው ወንድሜ ጋ ነው። የወሰደው እሱ ነው። ጠዋት ወስዷል መሰለኝ፣ ዓይኑ…» መጨረስ አቃታት።

ዶክተሯ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። አንድ እጃቸው ስልኩን፣ አንድ እጃቸው የመኪና ቁልፉን አነሳ። «ለአምቡላንስ ሰዎቹ አድራሻችሁን ንገሪያቸው» ብለው ስልኩን ለሚጡ ሰጧትና እናቷን በክንዷ ይዘው ወጡ፤ ሚጡም አድራሻውን እየተናገረች ተከተለቻቸው።

ቤት ሲደርሱ ወንድሟን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አገኙት። በጎኑ ወድቋል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ምድጃው ላይ የተጣደ ውሃ ተንኖ አልቆ ድስቱ ይነድዳል። ዶክተሯ ተንበርክከው አፋቸውን አፉ ላይ ገጥመው ትንፋሽ ይሰጡት ጀመር። ይነፋሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይነፋሉ። እናቷ እግሩን ይዛ «ልጄ፣ ልጄ፣ ልጄ» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋባት። ሚጡ ምድጃውን አጠፋች። ከዚያ ደረጃው ላይ ወርዳ አምቡላንሱ ቤቱን እንዳይስት መንገዱ መሃል ቆመች። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋባትም አልተንቀሳቀሰችም፤ ቤቱን በእጇ አሳየች።

የአምቡላንሱ ሠራተኞች መርፌ ወጉት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ረጅም፣ የሚያቃስት ትንፋሽ ሳበ።

ሆስፒታል በነቃ ማግስት ሚጡ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አሳልፈሽ ሰጠሽኝ» አለ። ሌላ አላለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በደብዳቤ ነው የመጣው። እናቷ ከሥራ ተሰናበተች። ዶክተሯ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ቁልፉ ለአንድ ሰው ብቻ መተው አልነበረበትም። ዳኛው ወንድሟን እስር ቤት ሳይሆን ከከተማ ወጣ ወዳለ ማዕከል ላኩት፣ ለስምንት ወር። ዶክተሯ አንድ ቀን ደውለው የምርምር ሥራሽን ጨርሺ፣ ቀሪውን ሰንጠረዥ እልክልሻለሁ አሏት። ሚጡ አመሰገነቻቸውና ሌላ ርዕስ መረጥኩ አለች።

እናቷ አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘች። አልተቆጣችም፣ አልረገመችም። ግን ቤቱ ውስጥ የቀሩት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። «እራት አለ።» «በሩን ቆልፊው።» «ዝናብ ነው፣ ልብሱን አስገቢ።» ሚጡ ስትመጣ ዓይኗን ወደ ሥራዋ ትመልሳለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኖ አለፈ።

በመጀመሪያው የመጠየቂያ ቀን ሁለት አውቶቡስ ይዘው ሄዱ። ማዕከሉ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ መተላለፊያው ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በር አጠገብ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የጠያቂዎች መዝገብ። እናቷ ንጹሕ ልብስና ሳሙና በፌስታል ይዛለች። አንዲት ነርስ ገብታ ተመለሰች።

«ዛሬ ማንንም ማየት አልፈልግም ብሏል» አለች። ዓይኗ ሚጡ ላይ አረፈና ቶሎ ተነሳ። «መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።»

«ፌስታሉንስ?» አለች እናቷ።

«እሱን አደርስለታለሁ።»

እናቷ ተነሳች። ሚጡ አልተነሳችም።

«ስንት ሰዓት ድረስ ነው የሚፈቀደው?» አለች ነርሷን።

«እስከ አሥራ አንድ።»

«እስከዚያ እዚሁ ነን በይልኝ። ባይወጣም ችግር የለም።»

እናቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ትንሽ ቆመች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተመለሰች። በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

«ብልቃጡ ተሰበረ ያልኩ ዕለት» አለች እናቷ፤ የምታየው ወለሉን ነው፤ «ስንት ሰዓት እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«ዘጠኝ ተኩል።» ራሷን ነቀነቀች። «ያኔ እሱ ቤት ነበር። ደህና ነበር። ያኔ አፌን ከፍቼ ብናገር ኖሮ…» ሚጡም ወለሉን አየች።

«እኔም ደረጃውን ወርጃለሁ፣ እማዬ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። በሩ አልተከፈተም። ሌሎች ጠያቂዎች እየተሳሳሙ ወጡ። ሚጡ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሁን መመዝገብ ይቻላል?»

«ይቻላል» አለች ነርሷ። «ስንት ናችሁ?»

«ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» አለች እናቷ ከኋላ። «ዛሬን በልመና ነው፤ ደግመው አይፈቅዱልኝም።»

«አንድ» አለች ሚጡ። እስክሪብቶውን ተቀብላ ሙሉ ስሟን ጻፈች።

ወደ ፌርማታው ሄዱ። አውቶቡሱ ሲመጣ እናቷ ሚጡን እጅጌዋን ይዛ አስቆመቻት።

«የመጀመሪያው ላይ ስትሳፈሪ በስተቀኝ ተቀመጪ፤ በግራ ፀሐይ ነው። ድልድዩን ስታልፊ ተዘጋጂ፣ ከድልድዩ በኋላ ሦስተኛው ፌርማታ። ሁለተኛው ያረፍዳል፤ እንዳትሰለቺ፣ በእግር እሄዳለሁ እንዳትይ። ውሃ ያዢ። እዚያ የሚሸጥ የለም።»

«እሺ።»

«ሹራብም። መተላለፊያው ይበርዳል።»

«እሺ፣ እማዬ።»

እናቷ እጅጌዋን አልለቀቀችም። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ቦታ እስኪያገኙ ድረስ እያንዳንዱን ፌርማታ እንደገና ከመጀመሪያው ትነግራት ነበር፤ ሚጡም አንዱንም ሳታቋርጥ አዳመጠቻት።